በእግሯ የመጣችው እርግብ

ስልኩ ሲጮህ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር፤ ቤይሩት፣ ባዳሮ ሰፈር፣ በሰዓት ከምሠራባቸው ቤቶች በአንዱ። ማዳሜ አነሳችው። "ዊ፣ ዊ" አለች፤ ከዚያ ሰማች፤ ከዚያ በተከፈተው በር በኩል ወደ እኔ አየች። ዘጋችው። መጥታ ከተኮስኳቸው ሸሚዞች አንዱን አነሳችና ኮሌታውን ገልበጥ አድርጋ፣ "ይሄን ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩት። የቀሩትንም ጨረስኩ። በመስቀያ ሰቀልኳቸው፣ ካውያውን ነቀልኩ። የነገረችኝ ጫማዬን ሳጠልቅ ነው።

"ባልሽ ከጣሪያ ወድቋል። ሞቷል ነው የሚሉት።" "ያኒ፣ እንግዲህ እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለች። በሩን ከፍታልኝ፣ "ነገ ትመጫለሽ ወይስ ሌላ ልፈልግ?"

ክፉ ሴት ናት ብዬ አላውቅም። ልጆቿ በማግስቱ ትምህርት ቤት ነበራቸው። ቀድማ ብትነግረኝ ሸሚዙ እንደማያልቅ ታውቃለች፤ እኔም ብሆን የማውቀው ያንኑ ነው።

ከባዳሮ እኛ የምንኖርበት ዓይን ኤል ረማነህ ሩቅ አይደለም። ሰርቪስ ታክሲ ለመጥራት እጄን ማንሳት አቃተኝና በእግሬ ሄድኩ። ሰፈር ስደርስ ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት አስፋልቱ ታጥቦ አልቆ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው የውኃውን ጎማ እየጠቀለለ ነው። አየኝና ጎማውን መጠቅለሉን ቀጠለ። አከራያችን በፎቁ በር ላይ ቆማለች፣ ባዶ እግሯን፣ ፀጉሯ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ።

"ወስደውታል" አለችኝ። "​ወጥ ቤት ነበርኩ፣ ጩኸት ሰምቼ ነው የወጣሁት። እኔ ምን ላድርግ? ራሱን ወረወረ።"

ይህችን አንዲት ቃል ነው ዛሬ ድረስ የምሸከማት። ሌላውን ሁሉ ስጽፍ ወደ እሷ እየሄድኩ እንደሆነ የሚያነብ ይወቅልኝ።

ቤታችን የዚያ ፎቅ ጣሪያ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ጦርነቱ ካበቃ ጥቂት ዓመት ቢያልፈውም ፎቁ ገና ፈንጣጣ እንደጨረሰው ፊት ጥይት በጥይት ነበር። ክፍሏ በጋ ምድጃ፣ ክረምት ማቀዝቀዣ ናት። ሁለታችንም መኖሪያ ወረቀት አልነበረንም። እኔ በኮንትራት መጥቼ፣ ራስ ቤይሩት ካለው የመጀመሪያ ቤቴ በሌሊት ልብሴ ነው የወጣሁት፤ ፓስፖርቴ እዚያው ቀረ። እሱ ወታደር ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን በጅቡቲ፣ በየመን፣ በሶርያ አድርጎ መጥቶ አንድ እንጨት ቤት ውስጥ ወንበር ቫርኒሽ ይቀባ ነበር። ሳቅፈው ሰው ሳይሆን አዲስ ቁም ሳጥን ነበር የሚሸተኝ።

ያገናኘን ቤተ ክርስቲያን ነው። የሊባኖሶቹ ቅዳሴ በአረብኛ ቢሆንም ቆሞ የሚያስቀድስ ሐበሻ ከኋላ አይጠፋም። ተጋብተን ነው አብረን የኖርነው፤ ይህን የምለው የሚጠረጥር ስላለ ነው። ሦስት ሽማግሌ ቤይሩት ውስጥ ከየት ይመጣል? ሦስት የቤት ሠራተኞች፣ ከማዳሞቻቸው የእሁድ ፈቃድ ያገኙ፣ ነጠላ አጣፍተው ሽማግሌ ሆነው ተቀመጡ። አንዷ ጉሮሮዋን ጠርጋ "ልጃችንን ለልጃችሁ" ስትል፣ ልጃችሁ የተባለው እሱ ብቻውን ነበር የቆመው፤ ለራሱ ወገን ሆኖ "ተቀብለናል" ብሎ መለሰ። እስክንሰክር ሳቅን፣ የጠጣነው ለስላሳ ነው።

እርግቦቹን የወረስነው ከክፍሏ ጋር ነው። ከእኛ በፊት የነበረው ተከራይ ወደ አውስትራሊያ ሲሄድ በቆርቆሮና በሽቦ የተሠራ የእርግብ ቤት፣ ጥቂት እርግቦች፣ ጫፉ ላይ ጥቁር ጨርቅ የታሰረበት ረጅም ዘንግና አንዲት ኤሊ ጥሎ ሄደ። ኤሊዋ ጀርባዋ ላይ በነጭ ቀለም መስቀል ተቀብቶባታል፤ ማን እንደቀባት አላውቅም። አከራያችን ቁልፉን ስትሰጠን፣ "ወፎቹ የክፍሉ ናቸው፤ ጫጩት ሲያወጡ ለሾርባ ታመጪልኛለሽ" አለችኝ።

አላመጣሁላትም። መንፈስ ቅዱስ በአምሳሏ የወረደባትን እርግብ አርዶ ለሾርባ መስጠት እኔ አልችልም። ጫጩት ሞተ እያልኩ ዋሸኋት። ይህን ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ፤ ቀኖናም ሰጥተውኛል።

እሱ ደግሞ ስለ እርግብ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። መጀመሪያ እንደ ዶሮ "ኪሽ" ይላቸው ነበር። ቀስ በቀስ ሌሎቹን ጣሪያዎች እያየ ለመደ። ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲመለስ ሸሚዙን ሳያወልቅ ይለቃቸዋል፤ ዘንጉን ያወዛውዛል፤ እነሱም ከቴሌቪዥን አንቴናው በላይ ክብ ሠርተው ይዞራሉ። ያፏጫል፤ ከዚያ በሙሉ ወታደር ድምፅ፣ "ወደ ቀኝ ዙር" ይላል። ወደ ግራ ይዞራሉ።

"ትእዛዝ አይሰሙህም" እለዋለሁ።

"አገር ቤት ያለውም እንዲሁ ነበር" ይላል። "ያ ተበተነብኝ። ይኸኛው ማታ ማታ ይሰበሰባል።"

እኔ ከባዳሮ የሰላጣ ውጪውን ቅጠል ለኤሊዋ አመጣለሁ። ልብሳችንን በበርሜል አጥባለሁ። ነጭ ሆና አንገቷ ብቻ የጠቆረ አንዲት እርግብ ነበረችን፤ ጠዋት ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ ስጨርስ ከመዳፌ ስንዴ ትበላለች። ጨርሼ ካልዘጋሁ አትመጣም፤ መጽሐፉ ሲዘጋ ያለውን ድምፅ ለምዳዋለች። ኑሯችን ይኸው ነበር። ደስ ይል ነበር ብል ሰው አያምነኝም።

ከእኛ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዘው ፎቅ ጣሪያ ላይ አንድ ሽማግሌ እርግብ ያበራ ነበር። ጡረታ የወጣ የሰርቪስ ሾፌር ነው፤ ጢሙ በትምባሆ ቢጫ የሆነ። ሁለቱን ጣሪያ የሚለየው እስከ ወገብ የሚደርስ ግንብ ብቻ ነው። እንደሱ ያለውን ሰው አረቦቹ ከሻሽ ሐማም ይሉታል፤ እርግብ አብራሪ ማለት ነው። ስሙ ግን እንደ ስድብም ነው የሚነገረው። የጎረቤቱን ወፍ አታሎ ያወርድና፣ "እኔ ጋ የለችም" ብሎ በእናቱ ይምላል። ስለዚህ የከሻሽ ምስክርነት ዳኛ ፊት አይቆጠርም ይባላል። ሕግ ይሁን ተረት አላውቅም፤ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል።

በመካከላቸው ሥርዓት አለ። ሁለት አብራሪዎች ወይ ሰላም ናቸው ወይ ጦርነት። ሰላም ከሆኑ የባዘነችውን ወፍ የወረደችበት ሰው ራሱ፣ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ፣ ሰው ሳያይ ይመልሳል። ጦርነት ከሆኑ የወረደችው የወረደችበት ሰው ናት፤ ያርዳታል፣ ወይም የድሮ ቤቷን እስክትረሳ ክንፏን በክር አስሮ ያስቀምጣታል። እኛን ግን ከሁለቱም አልቆጠሩንም። ያን ጊዜ ጥቁር ሠራተኛ ሁሉ ከየትም ይምጣ "ስሪላንኪ" ነው የሚባለው። ሽማግሌውም ባሌን በግንቡ ላይ አሻግሮ እያየ፣ "ስሪላንኪ ሲያበር አየሁ፤ ከእንግዲህ ዓሣም ትበራለች" ይል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ባሌ ሥራ እያለ አንዲት ደረቷ የሞላ ቀይ እርግብ ከእኛዎቹ ጋር ወረደች። የእሱ እንደሆነች አወቅሁ። የሰው ንብረት ቤቴ ማደር የለበትም ብዬ በዳቦ መሶብ አደረግኋት፣ ስንዴ ጨመርኩላት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፈንኩና ደረጃውን ወርጄ እሱ ከሾፌር ጓደኞቹ ጋር ጣውላ የሚሉትን የዳይስ ጨዋታ ወደሚጫወትበት ሱቅ ደጃፍ ሄድኩ። እጅ ነሥቼ፣ "ጌታዬ፣ ወፍህ ጠፍታ እኔ ጋ መጥታለች። እነኋት፣ አልነካኋትም" አልኩት።

ዳይሱ እጃቸው ላይ ቀረ። አንዱ ሾፌር ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየ።

"ኸላስ፣ አበቃልህ" አለው ለሽማግሌው፣ "አንተ ከእንግዲህ ቤትህ ተቀመጥ። ሴቷ እንኳን ወፍህን ናቀቻት። ስንዴ ጨምራ ነው የመለሰችልህ።"

"ከሾርባ አትገባም ብላ ነው" አለ ሌላው።

ሳቁ። ሽማግሌው ተነሣ። ቀይዋን ከመሶቡ አውጥቶ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ አንገቷን ጠመዘዘው። የእርጥብ እንጨት ድምፅ ነው ያለው። መሶቡ ውስጥ መልሶ አስተኛትና በእኔው ጨርቅ ሸፈናት።

"ለባልሽ አብስዪለት" አለኝ። "መርሲ፣ ማዳም።"

ማታ ለባሌ ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"አንቺ ሴት፣ ጦርነት ነው ያወጅሽው።"

"ሌብነት ይሻል ነበር?"

"ይሻል ነበራ። እዚህ ሌብነት ሰላምታ ነው። አንቺ በጠራራ ፀሐይ፣ በጓደኞቹ ፊት፣ በመሶብ ይዘሽ ሄድሽ። ቢያንስ መሶቡን ብትተዪው።"

ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ከእኛዎቹ አንዷን ባወረደ ቁጥር ጭንቅላት ብቻውን በግንቡ ላይ ተወርውሮ ይመጣ ጀመር። ጠዋት ልጸልይ ስወጣ አገኘዋለሁ፣ ዓይኑ ክፍት። የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ ካለው አፈር እቀብረዋለሁ፤ ኤሊዋ ደግሞ እየቆፈረች ታወጣዋለች።

"አንተ ጀነራል" ይላል ሽማግሌው ከማዶ፤ ትእዛዝ ሲሰጥ ሰምቶ ያወጣለት ስም ነው። "ወታደርህ ትናንት እኔ ጋ ራት መጥቶ ነበር። ከሩዝ ጋር ተቀመጠ።"

"ይስማማህ አባባ" ይላል ባሌ። "ጥርስ ካለህ።"

ባሌም መልአክ አልነበረም። ከሽማግሌው ወፎች አንዷን አውርዶ ጭራዋን ላባ በላባ ነጨና ለቀቃት። ራቁቷን እየተንገዳገደች ስትመለስ ከየጣሪያው ሳቁ። ኃጢአት ነው አልኩት። "አልገደልኳትም እኮ" አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልገደላትም፤ ሽማግሌው ራሱ ገደላት፣ አፍሮባት።

በዐቢይ ጾም መጨረሻ አካባቢ ሽማግሌው ያችን አንገተ ጥቁሯን እርግቤን ወሰዳት። እሷን አላረዳትም፤ ቆንጆ ስለነበረች ሊያዛምዳት ፈለገ። ክንፎቿን በቀይ ክር አሰረና እኛ በምናይበት ቦታ፣ ግንቡ አጠገብ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጣት። ጠዋት መጽሐፌን ስዘጋ ከማዶ አንገቷን ታሰግጋለች። እየቆየሁ እንዳትሰማ መጽሐፉን በጣቴ ደግፌ በቀስታ መዝጋት ጀመርኩ።

ባሌ ግንቡ ጋ ሄደ። "አባባ፣ የሌሎቹን ተወው። ይህችን ለሚስቴ መልስላት።"

"ሱቁ ጋ ና" አለ ሽማግሌው። "እነዚያ የሳቁብኝ ሁሉ ባሉበት። ሚስቴ አላዋቂ ናት፣ እኔም ስሪላንኪ ነኝ፣ ይቅርታ አድርግልኝ በል። ወፏን በራስህ መሶብ ይዘህ ትመለሳለህ።"

"እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ።"

"እሱን ለወፏ ንገራት።"

አልሄደም። እኔም ሂድ አላልኩትም። ብዙ ነገር የወሰዱበት ሰው የቀረችውን እንዲሰጥ በምን አፌ ልለምነው?

አሁን ስለ ግንቡ ልናገር፤ ከሽማግሌው የሚለየንን ሳይሆን በመንገዱ በኩል ያለውን፣ ሰው እንዳይወድቅ የሚከልለውን። በጦርነቱ ጊዜ ቦምብ መትቶት መሐሉ ተሰንጥቆ ነበር። አከራያችን በሽቦ አስራ፣ ስንጥቁ እንዳይታይ የአበባ ቆርቆሮ ደርድራበታለች። ባሌ፣ "ሲሚንቶ ግዢ፣ እኔ በነፃ እሠራዋለሁ" ብሏት ያውቃል። "ቡክራ" ትለው ነበር፤ ነገ ማለቷ ነው። በየወሩ ነገ።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። አከራያችንን ተከትዬ ከአስፋልቱ ላይ ወደ ደረጃው ገባሁ። አንድ ፖሊስ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ወርዶ አከራያችን በር ላይ ተቀምጧል፤ ቡና ሰጥታዋለች። ሽማግሌውም እዚያ ቆሟል፣ ሸሚዙ ላይ ደም አለ። እኔ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆምኩ። ወረቀት የለኝምና ፖሊስ ፊት መቅረብ ፈራሁ፤ ባሌ ሞቶም ፈራሁ።

አከራያችን ተናገረች። "ሰሞኑን አዝኖ ነበር። ወፎቹ አለቁበት። ሄዶ ቆመና ራሱን ወረወረ።"

"አየሽው?"

"ዓይኔ እያየ" አለች። እኔን ግን ታች በር ላይ፣ ወጥ ቤት ነበርኩ፣ ጩኸት ሰምቼ ነው የወጣሁት ብላኛለች፤ በሩ ላይ ቆሜ የሰማሁት ቃል ገና ከጆሮዬ አልወጣም።

"ውሸት ነው" አለ ሽማግሌው። ሁላችንም ዞረን አየነው። "እኔ ጣሪያዬ ላይ ነበርኩ። አንዲት ወፍ ከእኔ አመለጠች። ክንፏ ታስሯል፣ አትበርም። ግንቡን በእግሯ ተሻገረች፣ በእግሯ ወደ መንገዱ በኩል ሄደች፣ የአበባ ቆርቆሮዎቹ መሐል ወጣች። እሱ አያት። ቀስ ብሎ፣ እንዳትደነግጥ ተንበርክኮ ሄደ። ተዘርግቶ ያዛት። በእጁ ያዛት፣ አይቻለሁ። ከዚያ ግንቡ ተንዶ ሄደ። እሱም አብሮ ሄደ።"

"ወፏ የት አለች?" አለ ፖሊሱ። "ሬሳው አጠገብ ወፍ አላየሁም።"

ሽማግሌው ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። "ቤቴ ናት።"

"እንዴት ደረሰች?"

"ወርጄ ወሰድኳት። ከእጁ።"

"ከሞተ ሰው እጅ?"

"የእኔ ናት" አለ ሽማግሌው። "በደንቡ ያወረድኳት ወፍ ናት። ይዟት ስለሞተ የእሱ አትሆንም።"

ፖሊሱ ሲኒውን አስቀመጠ፤ ሳቁ መጣበት። ቆይቶ ዓይኑን ጠረገ። "ሀያቲ፣ ሕይወቴ" አለ ለአከራያችን፣ "እድሜ ልኬን የከሻሽ ምስክርነት አይቆጠርም ሲሉ እሰማ ነበር። ይኸው ዛሬ ራሱ መጣልኝ። የወፍ ሌባ ስለ ሰረቃት ወፍ ሊመሰክር።" ተነሥቶ ኮፍያውን አደረገ። አከራያችን ያለችውን ጻፈ፤ ሽማግሌው ያለውን አልጻፈም።

ጠላታችን እውነቱን ተናገረ፣ የሰማው የለም። ውሸቱን የተናገረችው ሴትዮ ደግሞ በማግስቱ ግንበኛ አስመጥታ ግንቡን አሠራችው። ልብሴን ልሰበስብ ስወጣ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር።

"ለሚቀጥለው ተከራይ ነው" አለችኝ። "ልጆች አሏቸው።"

እርግቦቹን ሾርባ አድርጋቸዋለች። ኤሊዋን በዚያው በዳቦ መሶብ ይዤ ወጣሁ።

የሰፈሩ ቄስ ያን የፖሊስ ወረቀት አንብበው ሬሳውን ቤተ ክርስቲያን አላስገቡትም፤ በሩ ላይ አጭር ጸሎት አድርሰው ሸኙት። አፈር ያለበሱት እነዚያው ሽማግሌ ሆነው የዳሩን ሦስቱ እህቶች ናቸው፣ አካፋ ተቀባብለው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ አገር ቤት ገባ። ከደሴ አለፍ ብሎ ያለችው እናቱ ጋ የደረሰው "ልጅሽ ራሱን ጣለ" የሚለው ነው። ራሱን ለገደለ ፍትሐት እንደሌለ የማያውቅ የአገሬ ሰው የለም። የደብራቸው ቄስ ፍትሐቱን አቆዩት። ተዝካር የለ፣ ዐርባ የለ። እናቱ ለተዝካሩ ብላ በየዓመቱ ገብስ ለይታ ታስቀምጣለች፤ በየዓመቱ ነቀዝ ይበላዋል።

ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ። አንገተ ጥቁሯ ከአንድ ወንድ ጋር ተጣምራ እንቁላል ላይ ተቀምጣለች። ክሩን ፈቶላታል፤ አያስፈልጋትም።

"እንዴት ነው ከእጁ ያወጣሃት?" አልኩት።

"ጣቶቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። ገና ይሞቁ ነበር። አጥብቆ ይዟት ነበር፤ ክሩ ጣቶቹ መሐል ገብቷል።"

"ሰው አላየህም?"

"መንገዱ በሙሉ ቆሞ ነበር። ግን ማን ወፍ ያያል? ሁሉም የሚያየው ደም ነው።"

ወፏን እንዲሰጠኝ፣ ለአገር ቤቱ ቄስም ያየውን በስልክ እንዲናገርልኝ ለመንኩት።

"ሁለቱን አልሰጥሽም" አለ። "ወይ ወፏን ውሰጂ፣ ወይ ምስክርነቴን። ምረጪ።"

"ወፏን ያዝ" አልኩት።

እሷ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። መጽሐፌም አብሮኝ አልነበረም።

ቃሉን ግን አላጠፈም። ፀጉሩን አበጥሮ፣ ኮት ለብሶ ስልክ መደወያው ቤት መጣ። በዚያ በኩል የባሌ ወንድም እናቱንና ቄሱን በቀጠሮ ቴሌ ይዟቸው መጥቷል። ሽማግሌው በአረብኛ ተናገረ፣ እኔ በአማርኛ አሻገርኩ፤ ያለውን ብቻ፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር። ቄሱ እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ሰውየው ሥራው ምንድን ነው?"

"እርግብ ያበራል፣ አባ።"

"መልካም ሰው ነው?"

ዝም ማለት እችል ነበር። ሽማግሌው አማርኛ አይችልም፣ እሳቸው አረብኛ አይችሉም። ግን በመሐል የቆምኩት ለነፍስ ነው፤ የሸፈንኩትን እግዚአብሔር ሳያየው አይቀርም።

"እዚህ አገር የእርግብ አብራሪ ቃል አይቆጠርም ይላሉ፣ አባ። እሱ ግን ያየውን ነው የተናገረው።"

መስመሩ ላይ ትንፋሻቸው ይሰማኛል፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ የእናቱ ሳል።

"እንግዲህ" አሉ፣ "ነገር በሁለት ወይም በሦስት አፍ ይጸናል ተብሏል። አንዱን አመጣሽ። ሌላ አንድ አምጪልኝ። ወፍ የማያበር።"

ሽማግሌው ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ፣ "ምን አለ?" አለኝ።

"አንድ ሰው ይቀርሻል አለኝ።"

"እኔ ስንት ነኝ?" አለ። ኮቱን ቆልፎ ሄደ።

ዳቦ ጋጋሪውን ጠየቅሁት። "እኔ መንገድ ነው ያጠብኩት፤ ፖሊስ ያለበት ነገር ውስጥ አልገባም" አለኝ። ሾፌሮቹን ጠየቅሁ፤ አንዱ "የመሶቧ ሴት መጣች" ብሎ ሳቀ። ከማዶ በረንዳ ላይ ልብስ ያሰጡ የነበሩ፣ አንሶላ ወርውረው ሬሳውን ያለበሱ ሁለት የአገሬ ልጆች ነበሩ ተባልኩ። ስፈልጋቸው ከቤቱ ወጥተዋል። ከአሠሪያቸው ጠፍተው ይሆናል፤ እኔም ጠፍቼ ነው የኖርኩት፣ አልፈርድባቸውም። ያ አንሶላ ነጭ መሆኑን ብቻ ነው የሰማሁት። እግዚአብሔር በደግ ይመልስላችሁ።

ዛሬ የምኖረው ራስ ቤይሩት፣ ከሁለት እህቶች ጋር በተከራየነው ክፍል ነው። ኤሊዋ በረንዳው ላይ አለች፤ መስቀሉ ደብዝዞ ነበር፣ ባለፈው ትንሣኤ ደግሜ ቀባሁት። እናቱ በሕይወት አለች፤ ዓይኗ ፈዟል። ገብሱን አሁን በእጇ እየዳሰሰች ነው የምትለየው አሉኝ።

ስለዚህ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ቆማችሁ ለነበራችሁ፣ በየበረንዳው ለነበራችሁ፣ ይልቁንም አንሶላውን ለጣላችሁ ሁለት እህቶቼ ነው የምጽፈው። ፖሊስ ዘንድ ሂዱ አልላችሁም። ማን ናችሁ፣ የት ናችሁ፣ ከማን ቤት ወጣችሁ ብዬ አልጠይቅም። አንድ ሽማግሌ ተጎንብሶ የሞተ ሰው ጣቶች ሲከፍት አይታችሁ እንደሆነ፣ ከጣቶቹም ውስጥ ነጭ ነገር፣ ቀይ ክር ያለበት፣ ሲወጣ አይታችሁ እንደሆነ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከኋላ ረድፍ ታገኙኛላችሁ። ስልኩን እኔ እደውላለሁ። እናንተ "አይቻለሁ" በሉልኝ፤ አንዳችሁ ብቻ።